ተራራው ላይ ያለችው ቤት

ከአትላንታ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። እጮኛህ እዚህ አዲስ አበባ ቪዛ ትጠብቃለች። አንተ ደግሞ ለሠርግ ባጠራቀምከው ገንዘብ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ፣ ቼሮኪ ከተማ ተራራ ላይ ላለች ቤት ቀብድ ልከፍል ነው ትላለህ። ዋጋዋ ርካሽ፣ ሻጩም ደግ ሰው ነው አልክ። ቆይ እስቲ!

መጀመሪያ ቤቷን ሳይሆን መሬቷን ጠይቅ። ቼሮኪ ከተማ ያለችው ኳላ ባውንደሪ በሚባለው ክልል ውስጥ ነው። መሬቱን የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለምሥራቁ የቼሮኪ ሕዝብ በአደራ ይዞታል። ይዞታ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው በጎሳው መዝገብ ላይ ለሰፈሩ አባላት ነው። አንተ ዜግነት ብታገኝም፣ ዶላር ብትቆልልም የዚያ መሬት ባለይዞታ አትሆንም። ኪራይ ይቻላል፤ እሱም ፈቃድ አለው።

ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1838 ወታደር ከየቤታቸው እየለቀመ ወደ ዛሬው ኦክላሆማ ሲነዳቸው በሺህ የሚቆጠሩት በየካምፑና በየመንገዱ አልቀዋል። ተራራው ውስጥ ለቀሩት ዊልያም ሆላንድ ቶማስ የሚባል ነጭ ነጋዴ መሬቱን በራሱ ስም ገዛላቸው። እሱ በዕዳ ሲዘፈቅ ደግሞ አበዳሪዎቹ መሬቱን ሊወስዱት ደርሰው ነገሩ በክርክር ነው የተረፈው። እንዲህ የተገኘን መሬት ማን ለገበያ ያወጣዋል?

ቤቷ ከክልሉ ውጪ፣ ብራይሰን ሲቲ ወይም ሲልቫ አካባቢ ከሆነች ግን ሌላ ነገር ነው፤ ትገዛለህ። ያኔም የሻጩን ደግነት ተወውና ጠበቃ ይዘህ የካውንቲው የውል መዝገብ ቤት ሂድ። የውኃው ጉድጓድ ይመርመር፣ የሽንት ቤቱም እንዲሁ። ኮረኮንቹን መንገድ ማን ነው የሚጠግነው? ተራራ ላይ ጎርፍ የለም እንዳትለኝ፤ በመስከረም 2024 (እ.ኤ.አ.) ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ የምዕራብ ሰሜን ካሮላይናን ተራሮች ምን እንዳደረጋቸው ሰምተሃል። ተራው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ደብዳቤህ ስለ በረንዳው አንድ ገጽ ሙሉ ያወራል፣ ስለ እሷ ግን ሁለት መስመር ብቻ። ፒያሳ ያደገች ልጅ ናት አልክ። መኪና መንዳት አትችልም፤ ዘመድ ያላት አትላንታ፣ ሦስት ሰዓት ያህል በመኪና ርቆ ነው። አንተ ሥራ ስትውል እሷ ከማን ጋር ቡና ትጠጣለች? ነግረሃታል ወይ?

ቅዳሜ ጠዋት ደውልላት፤ እዚህ ከሰዓት በኋላ ስለሚሆን ቤት ትገኛለች። እስከዚያ ሻጩ የፈለገውን ያህል ቢያጣድፍህ ቀብድ የምትባል ነገር እንዳትከፍል። መዝገብ ቤቱ የሰጠህን መልስ ስታገኝ ደግሞ ጻፍልኝ።