ኳሷን ከመቀማታችን በፊት



ወደ ማታ ላይ በለገሃር ሰፈሮች ያለፈ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ትንሽ ክፍት ቦታ በተገኘችበት ሁሉ ልጆች በድንጋይ ጎል ሠርተው፣ በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅና ፌስታል ጠቅጥቀው ባበጇት ኳስ ይራወጣሉ። "ይህ ልጅ ቅራ ሲሉት እግሩን ያመዋል፤ ለኳስ ሲሆን ግን እንደ ሚዳቋ ይዘላል" እያለ የሚያማርር ወላጅም ብዙ ነው። ምሬቱ ይገባናል። ነገር ግን ከመቆጣት በፊት ልጁን ወደዚያ የሚስበው ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል።

እኛም በዚህ ጉዳይ ተሳስተናል። ከዓመታት በፊት የመድረሳ ተማሪዎቻችን በኳስ ምክንያት እያረፈዱ ቢያስቸግሩን፣ ኳሷን ቀምተን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍንባት። በሳምንቱ አምስት ልጆች ከመድረሳው ቀሩ። አንዱን መንገድ ላይ አግኝተን ምክንያቱን ብንጠይቀው፣ "ኡስታዝ፣ እዚያ ሜዳ ላይ እኮ ስሜ ይጠራል" አለን። ቤት ገብተን ስናስበው እውነቱን ነው። እኛ ዘንድ ስሙ የሚጠራው ሲቀር ወይም ሲሳሳት ብቻ ነበር።

ወጣት ኳስ የሚወደው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። አንደኛ፣ እዚያ ቦታ አለው፤ በረኛው ካልመጣ ጨዋታው አይጀመርም። ሁለተኛ፣ የልፋቱን ውጤት ወዲያው ያያል። ሦስተኛ፣ የሀብታም ልጅ፣ የድሃ ልጅ ሳይባል ሁሉም በአንዲት ኳስ ይተዋወቃል። ለለገሃር ልጅ ደግሞ ታሪኩም ጎረቤቱ ነው። ኢትዮጵያ በጥር ወር 1954 ዓ.ም. የግብፅን ቡድን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችው ከለገሃር ብዙ በማይርቀው በዛሬው የአዲስ አበባ ስታዲየም ነበር።

ዲናችንስ ምን ይላል? በዒድ ቀን በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ በጦር የተጫወቱት እነማን ነበሩ? የሐበሻ ሰዎች ነበሩ! ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እስኪበቃት ድረስ ጨዋታውን እንድትመለከት ፈቀዱላት፤ ዑመር (ረ.ዐ) ሊከለክሏቸው ሲነሱም እንዲተዋቸው አዘዙ። ራሳቸውም ከዓኢሻ ጋር ሩጫ ተሽቀዳድመዋል። እርሳቸው ያልነፈጉትን ደስታ እኛ በምን ሥልጣን እንነፍጋለን?

ይህ ማለት ግን ጨዋታ ልጓም የለውም ማለት አይደለም። ሷላት የሚያሳልፍ፣ ስድብና ድብድብ ያለበት፣ ዐውራ የሚገለጥበት ጨዋታ አይፈቀድም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቤቲንግ የሚሉት ውርርድ ነው። ይህ ቁርኣን ከአስካሪ መጠጥ ጋር አያይዞ የከለከለው ቁማር ነው። ልጁ ሲጫወት ላቡን ያወጣል፤ ሲወራረድ ግን የእናቱን የአስቤዛ ብር ያወጣል።

ዲንና ስፖርት አይገናኙም ለሚል ወጣት አንድ ምሳሌ እንስጥ። አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት ጨዋታ ከእኛ እግር ኳስ የተለየ ነው፤ እንቁላል የመሰለች ኳስ በእጅ ይዘው እየተጋፉ ይሮጣሉ። በዚህ ጨዋታ የታወቀው ሙስሊም ሁሴን ዐብደላህ በ2005 ዓ.ም. ከወንድሙ ጋር ሐጅ ለማድረግ ሲል የዚያን ዓመት ውድድር ትቷል። በመስከረም 2007 ዓ.ም. ደግሞ የተጋጣሚን ኳስ ጠልፎ ነጥብ ባስቆጠረ ጊዜ በዚያ ሁሉ ተመልካች ፊት ሱጁድ ወረደ። ዳኞቹ ቡድኑን ቀጡ፤ በማግስቱ ግን የሊጉ ኃላፊዎች ቅጣቱ ስሕተት እንደነበረ አመኑ።

ወላጆች ሆይ! በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ሩቅ ሰፈር ሄዷል፤ የልጆቹም ቡድን አብሮ ተበትኗል። አዲስ ሰፈር የገባ ልጅ ስሙን የሚጠራለት ሰው አጥብቆ የሚፈልገው ያን ጊዜ ነው። እኛ ካልጠራነው የሚጠራው የጫት ቤቱ ወይም የውርርድ ቤቱ ጓደኛ ነው። ስለዚህ ዐስርን ሰግዶ እንዲሄድ፣ የመግሪብ አዛን ሳይሰማ እንዲመለስ እንስማማ። አባት በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ሜዳው ዳር ቆሞ ይመልከተው። ሴቶች ልጆቻችንም ለብቻቸው ሰውነታቸውን የሚያፍታቱበት ቦታና ጊዜ እናዘጋጅላቸው።

እኛ ኳሷን ከቁም ሳጥኑ አውጥተን መለስን። ከዐስር በኋላ ቁርኣን፣ ከቁርኣን በኋላ ኳስ ተባባልን። አንድ ሱራ የጨረሰውንም በጓደኞቹ ፊት ስሙን ጠርተን ማመስገን ጀመርን። ከአምስቱ ሦስቱ ተመለሱ። ለሁለቱ ዛሬም ዱዓ እናደርጋለን።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን፤ አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም።