ለገበያተኛ የተከፈተ በር ለካሜራም ተከፍቷልን?

በዚህ ወር አምዳችን የምናነሳው ጉዳይ በየኪሳችን የምንይዘውን ስልክ ይመለከታል። ወደ ትልቅ የገበያ ማዕከል ወይም ምግብ ቤት ስንገባ ፎቶ ማንሳት ልማድ ሆኗል። የጥበቃ ሠራተኛ መጥቶ «እዚህ ማንሳት ክልክል ነው» ሲል ግን ብዙ ወጣቶች «ሕዝብ የሚገባበት ቦታ አይደለም ወይ?» ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ ተገቢ ነውን?

መልሱን ለማግኘት ሁለት ዓይነት ፈቃድ እንዳለ ማወቅ ያሻል።

አንደኛው የባለ ንብረቱ ፈቃድ ነው። ሱቅ ለገበያተኛ ክፍት ቢሆንም የባለቤቱ የግል ይዞታ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአሜሪካ ለምሳሌ፣ ከመንገድ ላይ ሆኖ ለዓይን የሚታየውን ሕንፃ ማንሳት በጥቅሉ የተፈቀደ ነው። ወደ ውስጥ ከተገባ በኋላ ግን ደንቡን የሚያወጣው ባለ ንብረቱ ነው። ውጣ ተብሎ አልወጣም ያለ ሰው ፎቶ በማንሳቱ ሳይሆን፣ በሰው ይዞታ ውስጥ ያለ ፈቃድ በመቆየቱ በሕግ ሊጠየቅ ይችላል። በአንጻሩ ደግሞ የጥበቃ ሠራተኛው ስልኩን የመቀማት ወይም ፎቶውን በግድ የማስጠፋት መብት የለውም።

ሁለተኛው በፎቶው ውስጥ የሚገባው ሰው ፈቃድ ነው። ይህን ባለ ሱቁ በሌላው ስም ሊሰጥ አይችልም። በሴቶች ፀጉር ቤት ሂጃቧን አውልቃ የተቀመጠች እህት፣ አጠገቧ ያለችው ደንበኛ ራሷን ስታነሳ በፎቶው ጥግ ብትታይ፣ ምስሉ በደቂቃዎች ውስጥ ከማን እጅ እንደሚገባ ማን ያውቃል?

በዚህ ረገድ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ሕግ ጥብቅ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንተርኔት ወንጀሎች ሕግ አንቀጽ 44፣ የሰውን ግላዊ ሕይወት ለመድፈር ያለ ፈቃዱ ፎቶ ማንሳትን፣ ቦታው የሕዝብም ይሁን የግል፣ በወንጀል ያስጠይቃል። ቅጣቱ ከ6 ወር የማያንስ እስራትና ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም መቀጮ፣ ወይም ከሁለቱ አንዱ ነው። ለሥራ ወደዚያ የሄደ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ ይህን ንገሯቸው። ለጨዋታ የተነሳ ፎቶ የዓመታት ድካምን ሊያሳጣ ይችላል።

በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27፣ ሕጉ ከዘረዘራቸው የተለዩ ምክንያቶች በቀር፣ የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል።

እንግዲህ ወላጆች ለልጆቻችሁ ይህን አስተምሩ፦ ከማንሳታችሁ በፊት ባለ ቤቱን ጠይቁ፤ ከኋላችሁ ማን እንዳለ ተመልከቱ፤ አይቻልም ከተባላችሁ ስልኩን በትሕትና ወደ ኪሳችሁ መልሱ። ፎቶው ቢቀር የሚጎድል ነገር የለም። የሰው ክብር ከተነካ ግን መካሻው ከባድ ነው።

ወሰላም።