ባሕር የሌለው ሕዝብ የውሃ ኳስ አለቃ ስለ መሆኑ

አንድ ሕዝብ በአንድ ሥራ ከሌሎች በልጦ ሲታይ ብዙ ሰው ዕድል ነው ይላል፤ ነገሩን መርምሮ ያየ ሰው ግን ከዕድሉ አስቀድሞ ትምህርትንና ሥርዐትን ያገኛል። የሀንጋሪያ አገር የባሕር በር የለውም፤ ይሁን እንጂ በኦሎምፒክ የወንዶች የውሃ ኳስ ውድድር 9 ጊዜ የወርቅ ሜዳልያ በመቀበሉ እስከ ዛሬ የሚተካከለው አገር አልተገኘም።

ይህ ጨዋታ ከእያንዳንዱ ወገን 7 ሰዎች፥ ከነዚህም አንዱ በር ጠባቂ ሆኖ፥ በጥልቅ ውሃ ውስጥ እየዋኙ ኳሱን በአንድ እጅ እየተቀባበሉ ወደ ባላጋራቸው በር የሚወረውሩበት ነው። እግር የሚያርፍበት መሬት ስለ ሌለ፥ በጓደኛው ያልታመነ ሰው ቶሎ ይደክማል። ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለኀምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለው በዚህ ይታያል።

የሀንጋሪያ ሰዎች ይህን ሥራ በዘፈቀደ አላቆሙትም። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1896 ዓ.ም. በአቴና በዋና 2 ጊዜ ያሸነፈው አልፍሬድ ሀዮሽ ኋላ የሕንፃ መሐንዲስ ሆኖ፥ በቡዳፔስት በማርጊት ደሴት ላይ በ1930 ዓ.ም. የተከፈተውን የመዋኛ ቤት ሠራ። ቤላ ኮምያዲም ወጣቶችን ሰብስቦ አስተማረ፤ ደቀ መዛሙርቱም በ1932 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ አሸነፉ። መምህሩ በማግሥቱ ዓመት ቢሞትም ትምህርቱ ስላልሞተ ድሉ በ1936 ዓ.ም. በበርሊን ተደገመ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ግን ሹማምንት ሁሉ ሊያስቡት የሚገባ ነው። በ1956 ዓ.ም. የሶቪየት ጦር በመንግሥቱ ላይ የተነሣውን የሀንጋሪያን ሕዝብ በኃይል በጨፈለቀ በወሩ ገደማ፥ የሁለቱ አገር ተጫዋቾች በሜልቦርን ተገናኙ። ሀንጋሪያ 4 ለ 0 ሲመራ ኤርቪን ዛዶር ዐይኑ ሥር ተመትቶ ደሙ ፈሰሰ፤ ተመልካቹም ስለ ታወከ ጨዋታው ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ድሉ ለሀንጋሪያ ሆነ፤ በመጨረሻም ዩጎስላቪያን 2 ለ 1 አሸንፎ ወርቁን ወሰደ። ነገር ግን ከባለ ድሎቹ አያሌዎቹ ወደ አገራቸው ሳይመለሱ በሰው አገር ቀሩ።

እንግዲህ የመዋኛ ቤት መሥራት፥ መምህር መሾም፥ ማኅበር ማቋቋም ታላቅ ሥራ ነው፤ ልጆች ተምረው በአገራቸው በሰላም እንዲኖሩ ማድረግ ግን ከዚያ ይበልጣል። ወጥቶ የነበረው ደዦ ጃርማቲ ተመልሶ በ1964 ዓ.ም. በቶኪዮ በተጫዋችነት፥ በ1976 ዓ.ም. በሞንትሪያል በአሠልጣኝነት ለአገሩ ወርቅ አስገኝቷል። ከሄዱት መካከል የአንዱ መመለስ ይህን ያህል ከጠቀመ፥ ያልተመለሱት ስንት ጥቅም ይዘው እንደ ቀሩ አስተዋይ ሰው ያስበው።