ከቤታችን አንዲቱ ክፍል በመንገድ ላይ ናት

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚታሰበው ብርድን መከላከል ነው። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ከ4,100 ሜትር በላይ የሆነው የጉና ተራራም ነፋሱን ይልክባታል። ስለዚህ እመቤቶቻችን ባለቤታቸው መንገድ በሚነሣበት ቀን ከስንቁ ጋራ ቡልኮ ማሰናዳትን እንጂ ቅዝቃዜ ማሰናዳትን አልለመዱም። ነገር ግን ባላቸው ወይም ልጃቸው የካሚዮን ነጂ የሆነ ቤተ ሰቦች ይህን ልማድ እንደ ገና ሊመረምሩት የሚገባ ነው። የአገራችን የገቢና የወጪ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ የሚያልፍ ስለ ሆነ፥ የነዚህ ሰዎች ሌሊት የሚያልፈው በደጋ ሳይሆን በሚሌ፥ በሰመራ፥ በገላፊና በወደቡ ዳርቻ ነው።

ከፍታ 1,000 ሜትር በቀነሰ ቍጥር ሙቀት 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይጨምራል። ሰመራ 430 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ናትና፥ ከደብረ ታቦር እስከዚያ የሚወርድ ሰው በቍልቍለቱ ብቻ 15 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይጨመርበታል ማለት ነው። በሰኔና በሐምሌ፥ እኛ በእሳት ዳር ተሰብስበን ዝናቡን በምናዳምጥበት ወራት፥ በአፋር ቈላና በጅቡቲ ቀኑ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት፥ ሌሊቱም ከ30 ዲግሪ በታች የማይወርድበት ጊዜ አለ።

ነጂው በዚያ ሙቀት የሚያድረው በካሚዮኑ ጋቢና ውስጥ ነው። አልጋው፥ ምድጃው፥ የቡና ጀበናው፥ የልጆቹም ሥዕል በዚያ ይገኛሉ። ጋቢና ሰው የሚተኛባት እንደ ሆነች ከቤታችን ክፍሎች እንደ አንዲቱ ልትቈጠር ይገባል፤ ለጓዳና ለእልፍኝ የምናስበውን ለእርስዋም ልናስብላት ያስፈልጋል።

ምናልባት አንባቢ «በካሚዮኑ ውስጥ ነጂዎች ኤሲ የሚሉት የአየር ማቀዝቀዣ መኪና አለ አይደለምን? ሁለተኛ መጨመርስ ሳይቸግር ጤፍ ብድር አይሆንምን?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከካሚዮኑ ጋራ የመጣው ማቀዝቀዣ ኀይሉን የሚያገኘው ከሞተሩ በቀበቶ ነው፤ ሞተሩ ሲቆም እርሱም ይቆማል። ስለዚህ ነጂው ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ሞተሩን አጥፍቶ በላብ ተጠምቆ ያድራል፥ ወይ ሞተሩን ሌሊቱን ሁሉ ያስነሣል። ትልቅ የካሚዮን ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ሊትር ናፍጣ ይፈጃልና፥ በ8 ሰዓት ከ16 እስከ 24 ሊትር ይጠፋል። ከዚህም የሚከፋው ጢሱ ነው። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ መተኛት ሰውን ሳያስነቃ እንደሚገድል የደጋ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሽታ የሌለው ያው መርዝ ከሞተር ጢስ ጋራ ወደ ጋቢና ሊገባ ይችላል። መስኮት ከፍቶ መተኛትም ለቢንቢና ለሌባ በር መክፈት ነው።

ይህን ነገር ቅምጥልነት የሚያደርጉት ሰዎች ስለ እንቅልፍ ጥቂት ቢያስቡ መልካም ነበር። ሐኪሞች መርምረው እንዳገኙት፥ 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው አእምሮውና እጁ መጠጥ እንደ ቀመሰ ሰው ይዘገያሉ። ሌሊቱን በሙቀት ሲገላበጥ ያደረ ነጂ በማግሥቱ የሚይዘው መሪ ደግሞ የብዙ ቶን ጭነት መሪ ነው። የአየር ማቀዝቀዣ መኪናም በመጀመሪያ የተሠራው ለድሎት አልነበረም። አሜሪካዊው ዊሊስ ካሪየር በ1894 ዓ.ም. ያሰበው፥ በብሩክሊን በሚገኝ ማተሚያ ቤት እርጥበት ወረቀቱን ስላበላሸ ሥራውን ለማዳን ነበር። ለወረቀት የታሰበለት ለሰው ቢታሰብለት ነውር የለበትም።

እንግዲህ ቤተ ሰቡ ከተስማማ ምን ምን ሊያደርግ እንደሚገባ በተራ እንግለጥ።

በመጀመሪያ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቀው ይቅደም። ጥላ ፈልጎ መቆም፥ የፊቱን መስተዋት ብርሃን በሚመልስ መጋረጃ መሸፈን፥ በጣራው መስኮት ላይ የቢንቢ መረብ መዘርጋት፥ እነዚህ ሁሉ የማቀዝቀዣውን ሥራ ያቀልሉለታል።

ሁለተኛ፥ የመኪናው ዓይነት ይለይ። በገበያ በውሃ የሚያቀዘቅዝ ርካሽ ዓይነት አለ፤ ሥራውም እንደ እንስራ ነው። የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘው ላቡ በነፋስ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ይህ ዓይነት እንደ ሚሌና እንደ ሰመራ ባለ ደረቅ አገር ይጠቅማል፤ በወደቡ ዳርቻ ግን አየሩ ራሱ በእርጥበት የተሞላ ስለ ሆነ ላቡ አይደርቅም፥ ጥቅሙም ጥቂት ነው። ብዙ ሌሊት በጅቡቲ የሚያድር ሰው የሚያስፈልገው በኤሌክትሪክ የሚሠራ፥ የራሱ መጭመቂያ ያለው፥ በጣራ ላይ የሚገጠመው ነው።

ሦስተኛው፥ ከሁሉ የሚበልጠው፥ የባትሪ ነገር ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱት ጕዞው ብዙ ወራት የፈጀው ለመንኰራኵሩ መንገድ መጥረግ ስላስፈለገ ነው። ማቀዝቀዣም እንደዚሁ ነው፤ መግዛቱ ይቀልላል፥ የሚሸከመውን ማሰናዳት ይከብዳል። በካሚዮን ውስጥ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተቀጣጥለው 24 ቮልት ይሰጣሉ። እያንዳንዱ 200 አምፔር ሰዓት ቢይዝ፥ ሁለቱ በዚህ አኳኋን ሲቀጣጠሉ የሚሰጡት ያንኑ 200 እንጂ 400 አይደለም፤ የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ከግማሹ በታች ቢጠጣ ቶሎ ይሞታልና ለሥራ የሚቀረው 100 ነው። ማቀዝቀዣው በሰዓት 30 አምፔር የሚወስድ ከሆነ ባትሪው ከሦስት ሰዓት ጥቂት አልፎ ያልቃል። ስለዚህ ለማቀዝቀዣው ከሞተር ማስነሻው የተለየ ባትሪ፥ ኀይሉም ሲያንስ በራሱ የሚያጠፋ መቍረጫ ያስፈልገዋል። ሊትየም የተባለው ባትሪ ከያዘው የሚበዛውን ስለሚሰጥ ይሻላል፥ ዋጋው ግን ይበልጣል። ደግሞም ባትሪው በሌሊት የሰጠውን በቀን ጕዞ መልሶ ይቀበላልና፥ ነጂው በወደብ ተራ ሲጠብቅ ስንት ቀን ሳይንቀሳቀስ እንደሚቆም አስቀድሞ ይጠየቅ።

አራተኛ፥ የጣራው ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ለቈላ ሙቀት ይከፈታል፥ የሚፈተነው ግን በጉና ዝናብና በረዶ ነው። ጋቢናው ከጋራዥ ከመውጣቱ በፊት በጣራው ላይ ብዙ ውሃ አፍስሶ ከውስጥ መመልከት ይገባል። ካሚዮኑ የሌላ ሰው ንብረት ከሆነ ደግሞ ጣራው ሳይቀደድ የባለንብረቱ ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን፤ ለዓመቱ ምርመራም እንቅፋት እንዳይሆን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይጠየቅ።

አምስተኛ፥ ውል ነው። እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ ስንሠራ የምናየው ክርክር አብዛኛው ሳይጻፍ ከቀረ ቃል የሚነሣ ነው። አንዲት የከተማችን እመቤት ላሞች ሸጣ ለባልዋ ካሚዮን ማቀዝቀዣ አስገጠመች። ባልዋ በመጀመሪያው የቈላ ሌሊት ጥቂት ሰዓት በቅዝቃዜ ከተኛ በኋላ መኪናው ጠፋ፤ በማለዳም ሞተሩ አልነሣም አለ። ሠራተኛውን ልትከስ ስትመጣ ያሳየችን ወረቀት «ኤሲ ይገጠማል፤ ገንዘቡን ተቀብያለሁ» ከማለት በቀር ሌላ የለበትም። «ጌታዬ፥ እኔ ገንዘቤን ያወጣሁት ለሌሊቱ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ሌሊት የሚል የለበትም» አለችን። ነገሩ በሽማግሌዎች ታረቀ፤ የተመለሰላት ግን ካወጣችው እኩሌታውን አይሞላም።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1731፥ በሚገባ የተቋቋመ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ እንደሚጸና ይናገራል። እንግዲህ ሕግ የምታወጡት እናንተ ናችሁና አስባችሁ ጻፉት። የመኪናው ዓይነትና የሚወስደው አምፔር፥ የባትሪው ብዛትና መጠን፥ ሞተር ጠፍቶ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፥ በባትሪው አጠገብ ፊውዝ መኖሩ፥ ጣራው ቢያፈስ ማን እንደሚያድስና እስከ ስንት ወር፥ ይህ ሁሉ ይግባበት። ከዋጋውም ጥቂቱ አንድ ሌሊት ከተፈተነ በኋላ እንዲከፈል ይደረግ። ምስክሮች ይፈርሙበት፤ አንዱ ቅጂ በጋቢናው ሳይሆን በቤት ሣጥን ይቀመጥ። በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።

ይህን ሁሉ ባልና ሚስት ተቀምጠው ይምከሩበት እንጂ ለነጂው ብቻ አይተውለት። ነጂ ስለ ራሱ ድካም ሲጠየቅ «ለምጄዋለሁ» ማለት ይቀናዋል። እመቤቲቱ ግን ሲመለስ ዐይኑን ታያለችና፥ የቤቱን ወጪ በምታስብበት ወረቀት ላይ ከልጆች የትምህርት ቤት ልብስና ከጓዳው ቆርቆሮ ቀጥላ የዚያችን ክፍል ስም ትጻፍ።