ቁስሉ ከሻረ በኋላ

በሪያድ ምዕራባዊ ጎን በሚገኘው ዑረይጃ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዐርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ወደ አገር ቤት ሲደውሉ ንግግሩ የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። የእናት ጤና ይጠየቃል፤ የዝናቡ ነገር፣ የጤፉና የዘይቱ ዋጋ ይነሣል፤ ልጆቹ ትምህርት ስለ መጀመራቸው ይወራል። ከዚያም ከጦር ሜዳ ቆስሎ የተመለሰ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ያለው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሱስ እንዴት ሆነ?» ይላል። ከወዲያኛው ጫፍ የሚሰማው መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ «አልሐምዱሊላህ፣ ቁስሉ ሽሯል።»

በዚህ መልስ ውስጥ ሐሰት የለም። ቆዳው ገጥሟል፣ ስፌቱ ወጥቷል፣ ሰውየውም በምርኩዝ መራመድ ጀምሯል። ይሁን እንጂ በጦርነት የቆሰለ ሰው ጤና ምን ላይ እንዳለ ለመናገር የቁስሉ መሻር በቂ ማስረጃ እንዳልሆነ ሕክምናው ከተረዳው ቆይቷል። ከባዱ ሕመም አንዳንድ ጊዜ የሚመጣው ጠባሳው ነጭ ሆኖ ከተረሳ ከዓመታት በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ሰርኩሌሽን በተባለው የልብ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ይህን በአኃዝ አሳይቷል። ጥናቱ በኢራቅና በአፍጋኒስታን ክፉኛ የቆሰሉ 3,846 የአሜሪካ ወታደሮችን የሕክምና መዝገብ ከጉዳታቸው በኋላ ለዓመታት ተከታትሏል። የጉዳቱን ክብደት ሐኪሞች በነጥብ ይለካሉ። ይህ ነጥብ በ5 ከፍ ባለ ቁጥር በደም ግፊት የመያዝ ዕድል በ6 በመቶ፣ በልብ ደም ሥሮች ሕመም እና በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድል እያንዳንዱ በ13 በመቶ፣ ሥር በሰደደ የኩላሊት በሽታ የመያዝ ዕድል ደግሞ በ15 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል። እግሩን ፈንጂ የመታው ሰው ከዓመታት በኋላ ልቡን ወይም ኩላሊቱን ሊታመም ይችላል ማለት ነው።

ለዚህ የሚጠቀሰው ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ሰው ብዙ ደም ሲፈስሰው ኩላሊቱ የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ የተጨፈለቀ ጡንቻ ወደ ደም የሚለቀው ነገርም ኩላሊትን ይጎዳል። ሰውነት ከባድ ጉዳትን ለመቋቋም የሚያነሣው ብግነት በቶሎ ሳይበርድ ሲቀር የደም ሥሮችን ግድግዳ ያደነድናል። እንቅስቃሴ ይቀንሳል፣ ክብደት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሲጋራና ጫት የጊዜ ማሳለፊያ ይሆናሉ። የአሜሪካ ወታደር ይህ ሁሉ ሲደርስበት ቢያንስ መዝገብና ቀጠሮ አለው። የወሎው፣ የአፋሩ ወይም የትግራዩ ቁስለኛ ግን የደም ግፊቱ ከፍ ማለቱን የሚያውቀው፣ ካወቀም፣ በድንገት ወድቆ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ነው።

ኢትዮጵያ በየትውልዱ ቁስለኛ ያጣች አገር አይደለችም። በ1928 ዓ.ም. ያበቃው የጣሊያን ወረራ ጦርነት በመርዝ ጋዝ ዓይናቸውና ሳንባቸው የተጎዳ ሰዎችን ትቶ አልፏል። ወደ ኮሪያ ከዘመተው የቃኘው ጦር 536 ሰዎች መቁሰላቸው ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1991 የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበተነ፤ ከነዚህ መካከል አካሉ የጎደለው ብዙ ነበር፤ በየከተማው መንገድ ዳር በወታደር ካፖርትና በምርኩዝ የታየውን ሰው የዚያ ዘመን ሰው አይረሳውም። ከ1998 እስከ 2000 የባድመ ጦርነት ተከተለ። ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 የተካሄደው ጦርነት ደግሞ ደሴንና ኮምቦልቻን ጨምሮ የብዙ ከተሞችን ደጃፍ ረግጦ፣ በመከላከያ ሠራዊት፣ በትግራይ ተዋጊዎች፣ በአማራና በአፋር ሚሊሻዎች ላይ የቁስል ምልክቱን ጥሏል። በአማራ ክልል ከ2023 ወዲህ የተነሣው ግጭትም በዚህ ላይ ሌላ ቁስለኛ እየጨመረ ነው።

የፕሪቶሪያው ስምምነት ኅዳር 2 ቀን 2022 ከተፈረመ በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን በሰባት ክልሎች ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን ትጥቅ አስፈትቶ ወደ ኅብረተሰቡ ለመመለስ አቅዷል። የትግራዩ ምዕራፍ በኅዳር 2024 መቀሌ ላይ ተጀምሯል። ሥራው የሚያስመሰግን ነው፤ ከባድም ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ መርሐ ግብር በባሕርዩ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ሰውየው ይመዘገባል፣ መሣሪያውን ያስረክባል፣ መቋቋሚያ ገንዘብ ይቀበላል፣ ይሸኛል። ጉዳቱ ግን አይሸኝም። በ30 ዓመቱ እግሩን ያጣ ሰው 70 ዓመት ቢኖር፣ ሰው ሠራሽ እግር በአማካይ ከ3 እስከ 5 ዓመት ስለሚያገለግል፣ ከ8 እስከ 13 እግሮች ያስፈልጉታል። የመጀመሪያውን እግር የሚሰጠው ብዙ ነው፤ ፎቶግራፍም ይነሣበታል። ስድስተኛውን ማን ይሰጠዋል የሚለው ጥያቄ በበጀት መዝገብ ላይ ቦታ ሊኖረው ይገባል።

በመከላከያና በፖሊስ ውስጥ በደመወዝ ሲያገለግል የተጎዳ ሰው በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 መሠረት የጉዳት ጡረታ መብት አለው። ችግሩ ጡረታ የሚሰላው በደመወዝና በአገልግሎት መዝገብ መሆኑ ነው። በሬውን ፈትቶ፣ የራሱን ስንቅ ይዞ የዘመተው ገበሬ በዚህ መዝገብ ላይ ስሙን አያገኝም። እንዲህ ያለውን ሰው እስካሁን የያዘው ቤተሰቡ ነው፤ ቤተሰቡን ደግሞ በአብዛኛው የያዘው ከሪያድ፣ ከጅዳና ከደማም የሚላከው ሪያል ነው።

ስለዚህ ገንዘብ የሚልኩት ሰዎች ጉዳቱን በቅርብ ሊያውቁት ይገባል።

እግሩን ወይም እጁን የተቆረጠ ሰው የሌለው አካል ያመኛል ቢል እያበደ አይደለም። የተቆረጠው ነርቭ ወደ አንጎል መልእክት መላኩን አያቆምም፤ አንጎልም የጠፋውን እግር አሁንም እንዳለ አድርጎ ይይዘዋል። ይህ ሕመም ራሱን የቻለ ሕክምና አለው፤ ተራ የራስ ምታት ክኒን ግን ብዙም አይመልሰውም። ጉቶው በየጊዜው ቅርጹ ስለሚለወጥ ያለ ልክ የሆነ ሰው ሠራሽ እግር ቆዳውን ይልጠዋል፤ የተላጠው ያመረቅዛል፤ ያመረቀዘው አጥንት ሲደርስ ሁለተኛ መቆረጥን ያስከትላል። ከዓመታት በኋላም ቢሆን ከአሮጌ ጠባሳ መግል መውጣት ከጀመረ አጥንቱ ውስጥ የተደበቀ ቁስለት ሊኖር ስለሚችል ቅባት መቀባት መፍትሔ አይሆንም።

በሰውነት ውስጥ የቀረ ጥይት ወይም ፍንጣሪ ሁልጊዜ መውጣት አለበት የሚለው እምነት ትክክል አይደለም፤ ብዙው ባለበት ቢተው ይሻላል። በመገጣጠሚያ ውስጥ የተቀመጠ እርሳስ ግን እየሟሟ ደምን ሊመርዝ ስለሚችል መታየት አለበት።

በፍንዳታ አጠገብ የነበረ ሰው አንዲት ጭረት ሳይኖርበት ሊጎዳ ይችላል። የጆሮው ታምቡር ይቀደዳል፣ ወይም የውስጥ ጆሮው ተጎድቶ ሌት ተቀን ይጮኽበታል። ቤተሰቡ ሲጠራው ዝም ቢል «ኮርቷል» ወይም «ንቆናል» ይባላል፤ እርሱ ግን አልሰማም። አንጎሉ ተናውጦ ከሆነ ይረሳል፣ በብርሃን ይበሳጫል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል።

ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ህብለ ሰረሰሩ የተመታው ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በዚያው ጦርነት ጊዜ እንዲህ የቆሰለ ወታደር ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይሞት ነበር፤ የሚገድለውም ጥይቱ ሳይሆን የአልጋ ቁስልና ከሽንት መታገት የሚመጣው የኩላሊት ቁስለት ነበር። ይህን የለወጠው አዲስ መድኃኒት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 በእንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል የህብለ ሰረሰር ክፍል የከፈተው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን በሽተኞቹ በየሁለት ሰዓቱ ሌሊትም ሳይቀር እንዲገላበጡ፣ ሽንታቸውም በንጽሕና እንዲወጣ አደረገ፤ ሊሞቱ የተተዉት ሰዎች ኖሩ። በ1948 ለእነዚሁ ቁስለኛ ወታደሮች ያዘጋጀው የቀስት ውድድር ዛሬ ፓራሊምፒክ የሚባለው ነው። ሰውን የማገላበጥ ሥራ ደሴም ባቲም ይቻላል። የሚጠይቀው የሚያውቅ እጅና ወፍራም ፍራሽ ነው።

በዚህ ላይ የረመዳን ጉዳይ አለ። ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ኩላሊቱን የሚጠብቀው ውኃ በብዛት በመጠጣት ነው። ኩላሊቱ የደከመ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ቁስለኛም እንዲሁ ከጾሙ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ አለበት። ጾሙ ጉዳት የሚያመጣበት በሽተኛ ሩኽሳ እንዳለው የፊቅህ ሊቃውንት በግልጽ አስቀምጠውታል። ሆኖም ብዙ ቁስለኛ ከጓደኞቹ ማነስ መስሎት ሕመሙን ደብቆ ይጾማል፤ ቤተሰቡም በጥንካሬው ይደሰታል። ይህ ጉዳይ በሻዕባን እንጂ በረመዳን አጋማሽ ሊነሣ አይገባውም።

የአእምሮው ቁስል የሚገጥመው አተረጓጎም ደግሞ ሌላ ነው። ሌሊት እየጮኸ የሚነቃ፣ የበር መንጋጋት የሚያስደነግጠው፣ ከሰው የሚሸሽ ሰው «ጂን ነክቶታል» ይባላል። ሩቅያ ማድረግ ሕክምናን አይከለክልም፤ ሕክምናም ዱዓን አይከለክልም። ጥፋቱ የሚመጣው ሰውየው ታስሮ ወይም ተደብቆ ወራት ሲያልፉ ነው። የአእምሮ ሕክምና ዛሬ በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በየክልሉ ሪፈራል ሆስፒታሎችም ተጀምሯል። ቶሎ የተያዘ ሕመም ደግሞ የተሻለ ይድናል።

ሰው ሠራሽ አካልን እንደ ቅንጦት ወይም ፈጣሪ በሰጠው አካል ላይ እንደ መጨመር የሚያዩ ሰዎች እስካሁን አሉ። ለእነዚህ የዐርፈጃ ብን አስዐድ ታሪክ ይበቃል። ዐርፈጃ ከእስልምና በፊት በኩላብ ውጊያ አፍንጫውን ያጣ ሰው ነው። የብር አፍንጫ አሠራ፤ ሸተተበት። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የወርቅ አፍንጫ እንዲያሠራ አዘዙት። ለወንድ ወርቅ ማድረግ የተከለከለ ሆኖ ሳለ፣ ለጦር ቁስለኛ ጤናና ክብር ሲባል ተፈቀደ። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት ይህ ሐዲስ ለሊቃውንቱ የፍርድ መሠረት ሆኗል። አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ አካል አልስማማ ሲል ሰውየው «አንዴ ተሠርቶልሃል» አልተባለም። ከሰማንያ ዓመት ገደማ በኋላም የኡመያው ኸሊፋ አል-ወሊድ ብን ዐብደል መሊክ ለአካል ጉዳተኛ አገልጋይ፣ ለዐይነ ስውር መሪ መመደቡን የታሪክ ጸሐፍት መዝግበዋል። ወጪው ከበይተል ማል ነበር እንጂ ከአንድ ወቅት መዋጮ አልነበረም።

በዘመናችንም ምሳሌው ሩቅ አይደለም። መቀመጫውን ሪያድ ያደረገው የንጉሥ ሰልማን የሰብዓዊ እርዳታ ማእከል በየመን፣ በማሪብና በዐደን ጭምር፣ የሰው ሠራሽ አካል ማእከላትን ይደግፋል፤ ከ2018 ጀምሮም መሳም በተባለው ፕሮጀክት ፈንጂ እያስወገደ ነው። ማእከላቱ አካሉን ሠርተው ከመስጠት ባለፈ የአካል ማጠንከሪያ ሕክምናም ይሰጣሉ። በኢትዮጵያም መናገሻ፣ ደሴ፣ ባሕር ዳርና መቀሌ ላይ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲያግዛቸው የቆዩ የአካል ተሃድሶ ማእከላት አሉ። ጦርነቱ በብዙ የጤና ተቋማት ላይ ያደረሰው ጉዳት ይታወቃል፤ ፕላስቲኩም፣ ባለሙያውም፣ የገጠሩ ሰው ወደ ከተማ የሚመጣበት የትራንስፖርት ገንዘብም ያጥራል። ከሪያድ የሚላክ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ለአንድ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ለዚያ ሁሉም እጁን ይዘረጋል። ለዓመት ሁለት ጊዜ የአውቶቡስ ታሪፍ፣ ለሽንትና ለደም ምርመራ፣ ለግፊት ክኒን የሚጠይቅ ግን የለም። የሚያድነው ይኸኛው ትንሽ ገንዘብ መሆኑ አይታይም።

በሻንጣ ስለሚላክ መድኃኒትም አንድ ነገር መባል አለበት። እንደ ትራማዶል ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች በሳዑዲ ዓረቢያ ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው፤ ያለ ሐኪም ማዘዣ መግዛትና ይዞ መጓዝ በሕግ ያስጠይቃል፤ ሱስም ያስይዛሉ። የተለመደው እብጠትና ሕመም ቀናሽ ክኒን እንኳ፣ ለምሳሌ ዲክሎፌናክ፣ ለወራት ሲወሰድ የተጎዳን ኩላሊት ያባብሳል። ለቁስለኛ ወንድም በፍቅር የተላከ ከረጢት እንዲህ ሆኖ ሊጎዳው ይችላል።

የተሃድሶ ኮሚሽኑም ሆነ ጤና ሚኒስቴር ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገር አለ፤ ውድም አይደለም። እያንዳንዱ የተበተነ ቁስለኛ ሲሸኝ የጉዳቱ ዓይነት፣ የተደረገለት ቀዶ ሕክምና፣ በሰውነቱ የቀረው ብረት፣ የደም ግፊቱና የኩላሊቱ ልኬት የተጻፈበት ካርድ ይሰጠው። ካርዱ በቀበሌው ጤና ጣቢያ በዓመት አንድ ጊዜ ይታይ። ወገኑ የየትኛው ጦር እንደነበር በካርዱ ላይ መጻፍ አያስፈልግም፤ ኩላሊት አይለይም።

እስከዚያው በመጪው ዐርብ ከዑረይጃ የሚደወለው ስልክ «ቁስሉ ሻረ ወይ?» ከሚለው አልፎ ሌላ ነገር ሊጠይቅ ይችላል፦ ግፊቱን የተለካው መቼ ነው? ስኳሩንና ኩላሊቱን ታይቷል? ጉቶው ተልጧል? ሌሊት ይተኛል? መልሱ «አናውቅም» ከሆነ፣ ለጤና ጣቢያው መንገድ የሚሆነው ገንዘብ ስንት እንደሆነ ይጠየቅ።