የኮምፒውተር ጥግ፦ ላፕቶፑ ሳይጠፋ ይናገር

ሰማዩ ደምኖ ሶላሩ ሲደክም የላፕቶፕ ባትሪ ሳይታሰብ ያልቃል። ሴቭ ያልተደረገ ማመልከቻም ሆነ የቤት ሥራ ውኃ በላው ማለት ነው። በሊኑክስ ለሚሠሩ ማሽኖች ግን መላ አለን።

ኮንኪ የሚባል ነፃ ፕሮግራም የፕሮሰሰሩን ሥራ፣ የሜሞሪውን ይዞታና ሙቀቱን በዴስክቶፑ ላይ ጽፎ ያሳያል። እኛ የጻፍነውን ስክሪፕትም አስኪዶ ውጤቱን ያወጣል። ሊኑክስ የባትሪውን መቶኛ በአንዲት ትንሽ ፋይል እንደ ተራ ቁጥር ያስነብባል። ስክሪፕታችን ያችን ቁጥር ያያል፤ ከ20 በታች ከሆነች «ሥራችሁን ሴቭ አድርጉ!» ይላል። አራት አምስት መስመር ቢሆን ነው።

ሦስት ነገር ልብ እንበል። ስክሪፕቱ በየ60 ሰከንዱ ይሂድ፤ በየሰከንዱ ከሆነ እሱ ራሱ ባትሪ ይበላል። ያረጀ ባትሪ ባንዴ ስለሚወርድ 20ውን 40 እናድርገው። የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት እንምረጥ፤ አለዚያ ባዶ ሳጥን ነው የምናየው።

እንግሊዝኛ ያልለመዱ ልጆቻችንም ማስጠንቀቂያውን በቋንቋቸው ያነቡታል።