የባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛ ረኃብና የመርጨት ውሳኔያችን

በአተር፣ በምስርና በጎመን ማሳ ላይ ክሽክሽ ሲታይ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ስለ መርጨት ነው። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የአተር ማሳ ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛዎች በብዛት እያየሁ ለማኅበሩ አባላት «ይረጭ» የሚል ምክር ሰጥቼ ነበር። ክሽክሹ ጠፋ፤ ጥንዚዛዎቹም አብረው ጠፉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ክሽክሹ ተመልሶ መጣ፤ ጥንዚዛው ግን አልተመለሰም። ማኅበሩም ለሁለተኛ ጊዜ መድኃኒት ለመግዛት ተገደደ።

ጥፋቱ መድኃኒቱ ጥንዚዛዎቹን መግደሉ ብቻ አይደለም። ከመድኃኒቱ ያመለጡትም የሚበሉት ሲያጡ እንቁላል መጣል ያቆማሉ፤ ወይም ወደ ሌላ ማሳ ይበርራሉ። ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ማወቅ ለሥራችን ይጠቅማል።

ነፍሳት እንደ ሰው ሁሉ ኢንሱሊን መሰል ሆርሞኖች አሏቸው። የጃፓን ተመራማሪዎች በ1984 እ.ኤ.አ. ይህን ከሐር ትል አሳውቀዋል። ነፍሳቱ በሚገባ ሲመገቡ ሆርሞኖቹ ምግብ መኖሩን ለሰውነት ክፍሎች ያስታውቃሉ። መልእክቱን የሚቀበሉና የሚያስተላልፉ ዘረ መሎች በእያንዳንዱ ጥንዚዛ ውስጥ አሉ። ይሁን እንጂ የዘረ መል መኖርና ሥራ መጀመር የተለያዩ ናቸው፤ በጎተራ ያለ ዘርና በማሳ የበቀለ ዘር አንድ አይደሉምና።

በመጋዘንና በወፍጮ ቤት የምናውቀው ቀይ የዱቄት ጥንዚዛ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ፎክሶ የተባለ ፕሮቲን የእንቁላል አስኳል የሚያስገኘውን ዘረ መል ዘግቶ ይይዛል። የኢንሱሊን መሰሉ መልእክት ሲደርስ ፎክሶ ገለል ይላል፤ ዘረ መሉም ሥራውን ይጀምራል። በረኃብ ጊዜ ግን እንደተዘጋ ይቆያል። ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛም ምግብ ሲጎድላት እንቁላል መጣሏን ትቀንሳለች። ከጉበት በተዘጋጀ ሰው ሠራሽ ምግብ የምትረባው ባለ ሰባት ነጠብጣብ ጥንዚዛ እንኳ ክሽክሽ ከምትበላው ያነሰ እንቁላል ትጥላለች።

ስለሆነም ክሽክሽን ከማሳ ጨርሶ ማጥፋት ዓላማችን ሊሆን አይገባም። በማሳው ላይ የሚቀረው ጥቂት ክሽክሽ የወዳጃችን ቀለብ ነው።

«ታዲያ አርሶ አደሩ ሰብሉ ሲጠፋ ቆሞ ይይ ወይ?» የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ክሽክሽ ያለ ወንድ በአንድ ሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ለመውለድ ይደርሳል። ጥንዚዛ ግን ከእንቁላል እስከ ሙሉ ነፍሳት ለመድረስ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈጅባታል። ክሽክሹ በፍጥነት እየበዛ ጥንዚዛና እጭ ካልታየ መርጨት ግድ ይሆናል። እኔ የምቃወመው ሳይቆጥሩ መርጨትን ነው።

የልማት ሠራተኞችና የማኅበራት ኃላፊዎች የሚከተለውን ቢፈጽሙ መልካም ነው።

1. ከመርጨት በፊት በማሳው በተለያየ ቦታ ያሉ ተክሎችን መርምሩ። ክሽክሹን ብቻ ሳይሆን ጥንዚዛውን፣ እጩንና በቅጠል ሥር ቀጥ ብሎ የተደረደረውን ቢጫ እንቁላል ቁጠሩ።

2. ጠቆር ያለው ረጅሙ እጭ ተባይ መስሏቸው የሚገድሉት ብዙዎች ናቸው። ለአባላት በማሳ ላይ አሳዩአቸው።

3. ባለ ነጠብጣብ ሁሉ ወዳጅ አይደለም። የጤፍና የሌሎች ብርዕ ሰብሎችን ቅጠል የሚፍቀውን፣ እጩ እሾሃማ የሆነውን ዓይነት ለይታችሁ እወቁ።

4. መርጨት ግድ ሲሆን ክሽክሹ የበረታበትን ክፍል ብቻ ርጩ፤ ከፊሉን ሳትነኩ ተዉት።

5. ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ቁጠሩ፤ ውጤቱንም መዝግቡ።

መድኃኒት የሚገዛው በአባላት ገንዘብ ነው። ጥንዚዛዋ ግን ደመወዝ አትጠይቅም፤ የምትጠይቀው ቀለቧን ብቻ ነው።